ስድስት ተኩልን ንቀሉልኝ

ማውንቴን ደልሲመር የሚባለውን የአፓላቺያ ተራሮች መሣሪያ ያበላሸችው አንዲት ትንሽ ሽቦ ናት። ርዝመቷ ሁለት ጣት አይሞላም። ስሟ «ስድስት ተኩል» ነው። ዛሬ ሱቅ ገብታችሁም ሆነ ኦንላይን አዝዛችሁ የምትገዙት ደልሲመር አብዛኛው ይህቺን ሽቦ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ ትነቀል ባይ ነኝ። ሀገር በስንት ጉዳይ ተይዞ ሳለ አንድ የአበሻ ልጅ ቨርጂኒያ ተቀምጦ ስለ ፈረንጅ ተራራ ሰዎች ፍሬት ሲጨቃጨቅ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁና ጨርሱ፤ እጠብቃለሁ።

እሺ። መሣሪያውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ደልሲመር ጭን ላይ አጋድመው የሚጫወቱት ቀጠን ያለ የእንጨት ሳጥን ነው። አንዳንዱ ወገቡ ሰርጎ ስምንት ቁጥርን ይመስላል፣ አንዳንዱ የእንባ ጠብታ ቅርጽ አለው። አውታሩ ሦስት ነው፤ የዜማው አውታር ጥንድ ከሆነ አራት ይሆናል። ዜማው የሚወጣው ለተጫዋቹ በሚቀርበው አውታር ላይ ነው። የቀሩት ሁለቱ ምንም ሳይነኳቸው አንድ ድምፅ ይዘው ያንጎራጉራሉ። በድሮው አጨዋወት ግራ እጅ ትንሽ ዘንግ ይዞ በዜማው አውታር ላይ ያንሸራትታል፤ ቀኝ እጅ ደግሞ በዝይ ላባ አገዳ ይገርፋል። አንጎራጓሪዎቹ አውታሮች በእንግሊዝኛ «ድሮን» ነው የሚባሉት፤ ቃሉን ስሰማ ቀና ብዬ ሰማይ ማየት ስለሚቃጣኝ እዚህ «አንጎራጓሪ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዋናው ነገር ፍሬቶቹ ናቸው። ጊታር ላይ አሥራ ሁለቱም ድምፆች አሉ። ደልሲመር ላይ የሉም። ፒያኖ አስቡ፤ ጥቁሮቹ ቁልፎች ተነቅለው ነጮቹ ብቻ የቀሩበት ፒያኖ። አንዱ ፍሬት ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ሆኖ ይደረደራል፤ በመሀል የጎደለው ድምፅ ጎድሏል፣ በቃ። ታዲያ የተለየ መንፈስ ያለው ዘፈን ሲመጣ ምን ይደረጋል? የዜማው አውታር ይጠብቃል ወይ ይላላል። ማለትም እንደገና ይቃኛል። ሰባት ደረጃዎቹ እዚያው ናቸው፤ መነሻው ግን ሌላ ፍሬት ላይ ያርፋል፣ ስሜቱም አብሮ ይለወጣል። አንዱ ቅኝት ላይ መነሻው ሦስተኛው ፍሬት ነው፣ ሌላው ላይ አንደኛው፣ ሌላው ላይ አራተኛው።

ክራር ነክቶ የሚያውቅ ሰው ይኼ ሁሉ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺሆዬ ስትሄድ ጣትህን ሌላ ቦታ በማስቀመጥ አትደርስም፤ አውታሩን ነው የምታስተካክለው። ደልሲመርን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ የገረመኝም ይኼው ነው። ከጀርመን የመጡ ሰፋሪዎች ሻይትሆልት የሚባል ረዥም ሳጥን ይዘው ወደ ፔንሲልቬኒያ ገቡ፤ ዘመዶቹ ወደ ደቡብ ወርደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተራሮቹ ውስጥ ደልሲመር ሆኑ። ይህ ሳጥን ከኛ ክራር ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ይጠይቁሃል፦ «ከመጀመርህ በፊት ምን ልትዘፍን እንደሆነ ወስን።»

አሁን ወደ ሽቦዋ። ዋናዎቹ ፍሬቶች በቁጥር ይጠራሉ፤ ስድስተኛውና ሰባተኛው መሀል ሰፊ ክፍተት አለ። የዜማውን አውታር በመነሻው ድምፅ ቃኝተህ ከባዶው ብትነሳ ሰባተኛዋ ድምፅ ከተለመደው «ዶ ሬ ሚ» ግማሽ ደረጃ ዝቅ ብላ ነው የምትገኘው። እዚያ ክፍተት ላይ አንድ ሽቦ ስትጨምር የተለመደው ሜጀር ስኬል ይሟላልሃል። ስለዚህ «ዲ-ኤ-ዲ» ብለህ አንዴ ትቃኝና እስከ ዕለተ ሞትህ አትነካውም። ስድስት ተኩል ማለት ይቺ ናት። ከሷ ቀጥሎ «አንድ ተኩል» መጣች። ከዚያ ሁሉንም ክፍተት የሞላው፣ አሥራ ሁለቱም ድምፆች ያሉት ደልሲመር መጣ። እሱ ጭን ላይ የተኛ ጊታር ነው፤ ጊታር ደግሞ ቀድሞም ነበረን።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። አምስት ኪሎ አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ የተማርኩትም፣ ከዚያ በኋላ ኮድ እየጻፍኩ የበላሁትም እንጀራ አንድ ነገር አሳይቶኛል፦ ትንሽ ፓች ብቻዋን አትመጣም። የሆነ ሰው «አንዲት መስመር ብቻ ነች» ብሎ ይጨምራል። ያቺ መስመር ሌላ ነገር ትሰብራለች። ለተሰበረው ሌላ ፓች ይጻፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ መጀመሪያ ሲስተሙ ለምን እንደዚያ ተሠርቶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ቢሮው ውስጥ የለም። የስድስት ተኩል ታሪክ ቁርጥ ይኼ ነው። እንከተለው።

የድሮ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ተረክ ዘፈኖች፣ ባላድ የሚባሉት ማለቴ ነው፣ ዜማቸው ብዙ ጊዜ ከመነሻው ድምፅ በታች ይወርዳል። ወርዶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ተመልሶ ይወጣል። በድሮው «ዲ-ኤ-ኤ» ቅኝት መነሻው ሦስተኛው ፍሬት ላይ ስለሆነ ከሥሩ ሦስት ደረጃ መውረጃ አለህ፤ ምድር ቤት ያለው ቤት በለው። በ«ዲ-ኤ-ዲ» ግን መነሻው ባዶው አውታር ራሱ ነው። ከሱ በታች ወለል ነው። ስድስት ተኩል የጎደለችውን ድምፅ ከላይ ሰጠችህ፤ ምድር ቤቱን ግን ደፈነችው።

ዜማው መውረዱን አይተውም። ምን ታደርጋለህ? መካከለኛው አውታር ላይ ትሄዳለህ። መካከለኛው ግን አንጎራጓሪ ነበር! ሥራውን አስጥለህ ዜማ አስያዝከው። ዘንጉም ሁለት አውታር ላይ መዝለል አይመቸውም፣ ስለዚህ ትጥለውና በጣት ትገባለህ። አሁን አንጎራጓሪው አንዴ አለ አንዴ የለም፤ ድምፁ ሳሳ። ለሳሳው ድምፅ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ኮርድ። ሦስት ጣት ሦስት አውታር ላይ ታኖራለህ። ፈጸምክ። መሣሪያው ትንሽዬ፣ ድምፀ ቀጭን፣ ምስኪን ጊታር ሆነ፤ ሰዎችም «ደልሲመር ቆንጆ ነው ግን መጫወቻ ነገር ነው» ይሉሃል። እውነታቸውን ነው፤ እንደዚያ ካደረግነው በኋላ መጫወቻ ነው።

ኮርድ ምን አጠፋ ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከሽቦ የሚያልፈው።

ኮርድ ፍርድ ነው። ሁለቱ አንጎራጓሪዎች የሚይዙት መነሻውንና አምስተኛዋን ድምፅ ነው። ሦስተኛዋ የለችበትም። ሦስተኛዋ ድምፅ ደግሞ ሜጀር ወይስ ማይነር፣ በተለምዶ አነጋገር ደስታ ወይስ ሐዘን፣ የሚለውን የምትወስነው ናት። ስለዚህ አንጎራጓሪዎቹ ከዘፈኑ ሥር ሆነው አያዝኑም፣ አይደሰቱም። ይመሰክራሉ። ኮርድ ስትጨምር ግን ሦስተኛዋን ትከታለህ፤ ለአድማጩ «እዚህ ጋ እዘን፣ እዚህ ጋ ተጽናና» ብለህ ታዘዋለህ። ሴሲል ሻርፕ የሚባለው እንግሊዛዊ ሰብሳቢ ከረዳቱ ከሞድ ካርፕሊስ ጋር ከ1916 እስከ 1918 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በእነዚህ ተራሮች እየዞረ ዜማ ሲጽፍ ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ የብዙዎቹ ዜማዎች ስኬል ክፍተት ያለበት፣ ብዙ ጊዜም አምስት ድምፅ ብቻ መሆኑ ነው። አንዳንዶቹ ከናካቴው ሦስተኛ ድምፅ የላቸውም። ሜጀርም ማይነርም ያልሆነን ዜማ ሜጀር ኮርድ ላይ ማስቀመጥ ለሰውየው ሳትጠይቀው ብሔር እንደመስጠት ነው።

ባላድ ደግሞ ፍርድ የማይወድ ነገር ነው። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ ከ1882 እስከ 1898 ባሳተመው ሥራ 305 ባላዶችን እየቆጠረ አስቀምጧል። 243ኛው አፓላቺያ ውስጥ «የቤት አናጢው» በሚል ስም ይታወቃል። አንዲት ሴት አናጢ አግብታ ሕፃን አላት። የድሮ ፍቅረኛዋ ከባሕር ተመልሶ ይመጣል። ባሏንና ሕፃኑን ትታ በመርከብ ትሄዳለች። መንገድ ላይ ስለ ልጇ ታለቅሳለች፤ መርከቡም ይሰምጣል። አለቀ። ዘፋኟ «እሰይ አገኘቻት» አትልም፣ «እኔ ልሙትልሽ» አትልም። ያየችውን ትናገራለች። ሕፃን ትታ ባሕር የተሻገረች ሴት፣ ምክንያቷ ሌላ ቢሆንም፣ ለእኛ ሰፈር ሩቅ ታሪክ አይደለችም፤ ስለሷ ሁሉም ፍርድ ለመስጠት ምን ያህል እንደሚቸኩልም እናውቃለን። ይህን ዘፈን ሦስተኛ ድምፅ በሌላቸው ሁለት አውታሮች ላይ ስሰማው የምፈርደው እኔ ነኝ፤ አልቸኩልም። በማይነር ኮርድ ታጅቦ ስሰማው ግን ገና መርከቡ ሳይነሳ መስመጡ ተነግሮኛል።

ሌላው በዚሁ ፓች ምክንያት የመጣ ጣጣ መቁረጥ ነው። ኮርድ እየተቀያየረ የሚታጀብ ዘፈን አሥራ አምስት ስንኝ ቤት ሲሆን ይሰለቻል። አንጎራጓሪ ላይ አይሰለችም፣ ምክንያቱም ከሥር ያለው ነገር ራሱ ጊዜን አይቆጥርም። ኮርድ ግን ዙር አለው፤ አራተኛው ዙር ላይ ጆሮ «ገባኝ፣ ቀጥል» ይላል። ስለዚህ ይቆረጣል። ምን ይቆረጣል? «ድግግሞሹ»። 12ኛው ባላድ፣ «ሎርድ ራንዳል» የሚባለው፣ እናትና ልጅ ናቸው። እናት ትጠይቃለች፣ ልጅ ይመልሳል፣ ደከመኝ አልጋ አንጥፊልኝ ይላል። ደግማ ትጠይቃለች። ደግሞ ይመልሳል፤ ያው አልጋ። የት ነበርክ፣ ምን በላህ፣ ማን ሰጠህ። እያንዳንዱ ቤት ካለፈው በአንዲት ቃል ብቻ ይለያል፤ በዚያች ቃል ልክ ደግሞ መመረዙ እየገባህ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ለማን ምን እንደሚያወርስ ስትጠይቀው ለገዳዪቱ የሚሰጣት ርግማን ነው። እዚህ ውስጥ «ድግግሞሽ» ብለህ ሦስት ቤት ስትቆርጥ የቆረጥከው መርዙ የሚሠራበትን ጊዜ ነው። ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲያልፍ ነው፤ በ30 ሰከንድ እናትየው ጥያቄዋን ገና መጀመሯ ነው።

አሁን ክርክሩን ከሌላው ወገን ልስማ፤ ሳልሰማው ብቀር ወሬኛ እባላለሁ።

«ካልፈለግካት አትንካት፣ ሽቦዋ እዚያ መኖሯ ምን ይጎዳሃል?» የሚለውን በጣም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ይህን የሚል ሰው ዲፎልት ምን እንደሆነ አልገባውም። ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስንቱን ነገር ቀይራችኋል? ሰው የተሰጠውን ነው የሚጠቀመው። ሽቦዋ ዲፎልት ስትሆን የማስተማሪያ መጽሐፉ ለ«ዲ-ኤ-ዲ» ይጻፋል። ታቡ ለ«ዲ-ኤ-ዲ» ይጻፋል። አብሮ የሚጫወተው ቡድን በ«ዲ-ኤ-ዲ» ይቀመጣል። አንድ የጀማሪዎች ክፍል ገብቼ አስተማሪው የመጀመሪያው ቀን ያለን ነገር «እዚህ ቅኝት አንቀይርም፣ ሰዓት ይበላል፣ አውታርም ይበጥሳል» ነበር። በደግነት ነው ያለው፣ ሰውየው ደግ ነው። ግን በዚያች ዓረፍተ ነገር ግማሹን የዘፈን ሀብት ከክፍሉ አስወጣው። ማንም አልከለከለም፤ መንገዱ ብቻ በቅሎበት ጠፋ።

«ለጀማሪ ይቀላል» ይባላል። ውሸት ነው፤ በፍጹም አይቀልም። በዘንግ፣ በአንድ አውታር፣ በትክክለኛ ቅኝት አንድ ባላድ ለማጀብ አንድ ከሰዓት ይበቃል። የዜማው ያልሆነ ድምፅ ስለሌለ ብትስትም የምትስተው ወደ ጎረቤቱ ድምፅ ነው፤ አያስቀይምም። ኮርድ ለመያዝ ግን ወራት ያስፈልጋል፣ ያውም ጣት እየተላጠ። አቀለልን ብለው ያከበዱት እነሱ ናቸው።

«መሣሪያ ማደግ አለበት፣ አንተ ሙዚየም ነው የምትፈልገው» ለሚሉት ደግሞ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ምክንያቱም ከሙዚየም ሰዎች ጋርም ጠብ አለኝ። እኔ ስለ ጥንታዊነት አንድ ቃል አልተናገርኩም። በነዚህ ተራሮች «ንጹሕ የእንግሊዝ ደም፣ ንጹሕ የእንግሊዝ ዜማ» የሚል ተረት አንድ ሰሞን በጣም ተወዶ ነበር። የሻርፕ መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ የእንግሊዝ ዘፈኖች ነው የሚላቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ደልሲመሩ የጀርመን ልጅ ነው። ጎኑ የሚቀመጠው ባንጆ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት የመጡት ነው። ባላዶቹም ቢሆኑ ሻርፕ የሰማቸው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በባዶ ድምፅ ሲዘፈኑ ነው። ባላድን ከደልሲመር ጋር አጣምሮ ዓለም እንዲያውቀው ያደረገው ሥራ በብዛት የሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ «የጥንት አባቶች እንዲህ ነበር የሚጫወቱት» ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ እሱም የኔ ወገን አይደለም።

የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ያልኩት በአብዛኛው የአንዲት ሴት ነው። ዣን ሪቺ በ1922 ኬንታኪ ውስጥ ቫይፐር በምትባል ቦታ ለቤቱ አሥራ አራተኛ ልጅ ሆና ተወለደች። አባቷ ደልሲመር ነበራቸው፤ ልጆች እንዳይነኩት ከልክለው ነበር፤ እሷ ግን እየሰረቀች ትነካካው ነበር። በ1946 ከኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ኒው ዮርክ ገባች፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ላይ እያለች ለከተማ ልጆች የቤቷን ዘፈን ትዘፍንላቸው ነበር። በ1952 ፉልብራይት አግኝታ የቤተሰቧን ዘፈኖች ምንጭ ፍለጋ ብሪታኒያና አየርላንድ ሄደች። በ2015 እስክትሞት ድረስ ሳጥኑን ብዙ ሰው እንዲያውቀው ያደረገች ሰው ናት። ቅጂዎቿን ስሙ። ያን ያህል አትጫወትም! አንዳንዱን ዘፈን መሣሪያውን ጭራሽ ሳትነካ ነው የምትዘፍነው። ስትነካው ደግሞ ከቃሉ ጋር አይሽቀዳደምም። ይህች ሴት ዲግሪ ያላት፣ ኒው ዮርክ የኖረች፣ ዓለም የዞረች ዘመናዊ ሰው ናት፤ ኮርድ ስለማታውቅ አይደለም እንዲያ የተጫወተችው።

ደግሞም ማንም እንዳሻው አይጫወት አላልኩም። ጆኒ ሚቼል በ1971 «ብሉ» በሚለው አልበሟ ደልሲመርን በራሷ መንገድ፣ ለራሷ ዘፈን ገርፋዋለች፤ ያን አልበም ስንት ሌሊት እንዳደርኩበት ጎረቤቶቼ ይመስክሩ። እሷ የራሷን ዘፈን ነው የጻፈችው፣ መሣሪያውንም ለዚያ ዘፈን ነው የቃኘችው። መጣላቴ ከሷ አይደለም። መጣላቴ የሁለት መቶ ዓመት ዘፈን አንስቶ፣ ዜማውን ኮርድ ላይ ሰቅሎ፣ ቤቶቹን ቆርጦ፣ ከዚያ «ባህል እያስቀጠልኩ ነው» ከሚለው ጋር ነው።

ይህን ለአዲስ አበባ ጓደኛዬ፣ ክራር ይጫወታል፣ በቮይስ ስልክልት መልሱ አጭር ነበር፦ «አንተ ሰውዬ፣ ስለኛ ነው እንዴ የምታወራው?» በከፊል አዎ። ባንድ ውስጥ ክራርና ኪቦርድ ሲገናኙ ማነው ለማን የሚስተካከለው? ኪቦርዱ ፋብሪካ እንደሠራው ይቀመጣል፤ ክራሩ ነው የሚጠብቀው የሚላላው። በአንድ ምሽት ላይ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲኬድ ለመቃኘት ሁለት ደቂቃ መስጠት እንደ ሥርዓት አልበኝነት ይቆጠራል፤ «ዲጄ፣ ክፍተቱን ሙላልን!» ይባላል። በአምስቱ ድምፅ ሥር ኮርድ ሲገባ ደግሞ ትዝታ ትዝታነቱ ሳይሆን ሐዘንነቱ ብቻ ይቀራል፤ የኛ ትዝታ ግን ሐዘን ብቻ ሆኖ አያውቅም። በገና ደርዳሪ ሰው ፊት ተቀምጣችሁ ታውቁ እንደሆነ መቃኘቱ ራሱ የነገሩ አንድ ክፍል ነው። ማንም ሰዓት አያይም። አውታሩን እየሞከረ፣ ጆሮውን ሰጥቶ፣ ወደሚለው ነገር እየገባ ነው።

ደልሲመር ላይም ያቺ የመቃኛ ደቂቃ ናት የምታሳሳኝ። አናጢውን ልዘፍን ነው ወይስ ራንዳልን? አውታሩን ሳላላ መልሱን እያወቅኩት እሄዳለሁ። ሽቦዋ ያቺን ደቂቃ ናት የወሰደችው።

ተግባሩ ቀላል ነው። በእጁ ለሚሠራ ሠሪ ስታዙ «ስድስት ተኩል አታድርግበት» በሉ፤ ያደርግላችኋል። የተገዛ ካላችሁ የፍሬት መንቀያ ፒንሳ አለ፣ ቀዳዳውን በቀጭን እንጨትና በሙጫ መሙላት ነው፣ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ የራሴን ለሠራልኝ ሰው ይህንኑ ብነግረው መነጽሩን አውልቆ አየኝና አንድ ሽቦ ስለቀነሰ ዋጋው እንደማይቀንስ አስረግጦ ነገረኝ።